የአዲስ አበባ መኪና ገዝታችሁ ደሴ ላይ ስም አልዞር ሲል

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናውን ገዝታችሁ ጠዋት ብትነሱ ማታ ሐረጎን ወጥታችሁ ቤታችሁ ናችሁ። የምዝገባ ፋይሉ ግን አዲስ አበባ ይቀራል።

ያገለገለ መኪና ከክልል ክልል ሲዛወር ሰው የሚንገላታው በአብዛኛው በዚህ ነው። መኪናው እዚህ፣ ፋይሉ እዛ። ደሴ ያለው የትራንስፖርት ቢሮ ዋናው ፋይል እጁ ሳይገባ ሰሌዳም ሊብሬም (የባለቤትነት ደብተር) አይሰጣችሁም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ፋይሉ ባለበት ከተማ ስሙን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፣ ቀጥሎ ፋይሉ ወደ ደሴ ወይ ወደ ኮምቦልቻ እንዲላክ ጠይቁ፣ ለሻጩ የሚቀረውን ብር ደግሞ ስሙ እስኪዞር ያዙ። ሻጩ «አትጠራጠር፣ ደሴ ሆነህ ትጨርሰዋለህ» ካለ እምቢ በሉ።

ችግር፦ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አይደለም፣ «ውክልና አለኝ» ይላችኋል

በብዛትም በጉዳትም ቀዳሚው ይሄ ነው። መኪናው ሦስት አራት ሰው እጅ ገብቷል፣ ስም ያዞረ ግን የለም። ወጪውን ሸሽተው በውክልና ብቻ ተቀባብለውታል። ሊብሬው ላይ ያለው ሰውዬ የት እንዳለ የሚያውቅም ላይኖር ይችላል።

ምክንያቱን የምታገኙት ውክልናውን ቁጭ ብላችሁ ስታነቡት ነው። «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያንቀሳቅስ» ብቻ የሚል ከሆነ ሰውየው መሸጥ አይችልም። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ተወካዩ መኪናውን ወደ ራሱ ስም አዙሮት ከሆነ ደግሞ «ለራሱም ሆነ ለሦስተኛ ወገን» የምትለዋን ሐረግ ፈልጉ። እሷ ከሌለች በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2188 መሠረት ወካዩ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን መሰጠቱንም እዩ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ መኪና ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ቦታ እዚህ ጋ ነው።

ከዛ ደግሞ ጠይቁ፤ ውክልና ሰጪው በሕይወት አለ? ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም። ውሉ ላይ የተለየ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፣ ሕጉ ቁጥር 2232 ላይ ይሄንኑ ይላል። ስለዚህ የሟች ውክልና ይዞ የሚሸጥላችሁ ሰው ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ወረቀቱ አይሠራም።

መፍትሄው፦ ውክልናውን ያጸደቀው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አለመሻሩን አጣሩ። ሰጪው ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡና ራሳቸው ይሽጡላችሁ። የሻጩን የጋብቻ ሁኔታም አትርሱ። በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ያልፈረመችው ሚስት (ወይም ባል) ነገሩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተፈረመ በ2 ዓመት ውስጥ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። «ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ናት፣ በኋላ ትፈርማለች» ሲሏችሁ ቀብድ እንኳ አትስጡ።

ችግር፦ ምርመራ ላይ «ሻንሲ ቁጥሩ አይመሳሰልም» ተባላችሁ

ሻንሲ ቁጥር ማለት አምራቹ ብረቱ ላይ የመታው የመኪናው መለያ ነው። አትደንግጡ፣ ግን በቀላሉም አትዩት። ሦስት የተለያየ ምክንያት አለው።

አንደኛው ቆሻሻ ነው። ሃይሉክስን ውሰዱ። ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ነው። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ሁሉ እዛ ላይ ያርፋል፣ ዘይት ይጨመርበትና ይደርቃል፣ ከሥሩ ዝገት ይጀምራል፣ መርማሪው ባትሪ ይዞ ቢያጎነብስ 3 ይሁን 8 አይለይለትም። እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ትልቁ ጥፋት በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሞላ (በብረት መፍጫ) መፋቅ ነው። የተፋቀ ቁጥር የተነካካ ነው የሚመስለው፣ ጥርጣሬው ከዛ በኋላ አይለቃችሁም። ናፍጣ በነካ ጨርቅ አርጥቡት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዛ በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አጽዱት። ስስ ወረቀት አስደግፋችሁ በእርሳስ ብታሹበት ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ይሄን ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት።

ሁለተኛው የጽሕፈት ስህተት ነው። ባለ 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ከ1 እና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ሊብሬው ላይ ኦ ካያችሁ የጻፈው ሰው ዜሮን አሳስቶ ነው ማለት ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን (መኪናው አገር ሲገባ የተሞላውን ወረቀት) አውጥታችሁ አስተያዩ። ዲክላራሲዮኑና ብረቱ ላይ ያለው ከተመሳሰሉ ሊብሬውን ማስተካከል ነው፣ እሱም ሊብሬውን የሰጠው ቢሮ ጋ፣ ፋይሉ ሳይላክ። ስህተቱ ከፋይሉ ጋር ደሴ ከመጣ መልሶ ደብዳቤ መጻጻፍ ነው የሚሆነው።

ሦስተኛው ብረቱ ራሱ ሌላ ቁጥር ሲኖረው ነው። በቃ፣ አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነ ወደ ፖሊስ ነው የሚኬደው፣ ወደ ደላላ አይደለም።

የሞተር ቁጥር ሲለያይ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ስለተቀየረ ነው። የተገዛበት ሕጋዊ ደረሰኝና የሞተሩ ዲክላራሲዮን ካለ ለውጡ ይመዘገባል። ከሌለ ግን ሻጩ ያምጣው፣ የናንተ ሥራ አይደለም። ቀለምም እንዲሁ ነው። ሊብሬው ነጭ እያለ መኪናው ብርማ ከሆነ የቀለም ለውጡ ይመዝገብ።

ችግር፦ ስማችሁ ሊብሬው ላይ እንደ መታወቂያችሁ አልተጻፈም

ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። አንዱ ወረቀት ላይ መሐመድ፣ ሌላው ላይ ሙሐመድ፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ላይ ደግሞ የአያት ስም የለም። የላቲን አጻጻፉ ከዚህም ይብሳል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ፋይዳችሁን፣ የቲን ወረቀታችሁንና የቀበሌ መታወቂያችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተለያየ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፣ ውሉ ላይም ፋይዳው ላይ ባለው አጻጻፍ ብቻ ይጻፍ። ውሉን የሚተይበውን ልጅ «ወንድሜ፣ እስቲ ላንብበው» ማለት አይከብድም።

ችግር፦ «እግድ አለበት» ወይም «ቀረጥ አልተከፈለበትም»

የባንክ ብድር፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና። አራቱም የሚታዩት ፋይሉ ላይ ነው፣ መኪናው ላይ ምንም ምልክት የላቸውም። ባንኩ ዕዳው ማለቁን በደብዳቤ ካላሳወቀ ስም አይዞርም። በቀረጥ ነፃ መብት የገባ ፒክአፕ ደግሞ ሻጩ ቀረጡን ከፍሎ ካልጨረሰ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ዋጋው ከገበያው ወረድ ብሎ ሲቀርብላችሁ ቀድማችሁ ይሄን ጠርጥሩ። የጉምሩክ ኮሚሽን ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ ዲክላራሲዮኑን ይዛችሁ ገብታችሁ ጠይቁ።

ኮድ 3 ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። በነባሩ ሰሌዳ አረንጓዴ ቁጥር ያለው የንግድ ነው፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል። የንግድ መኪና ከሆነ ሻጩ ከገቢዎች የግብር ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ማምጣት አለበት። ኮድ 3ን ወደ ኮድ 2 ልቀይር ካላችሁ የቀረጥ ልዩነት ሊጠየቅ ይችላል፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሒሳቡን አጣሩ።

ችግር፦ ፋይሉ ተልኳል ይባላል፣ ደሴ ግን «አልደረሰንም»

የመሸኛ ደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ካልያዛችሁ ሁለቱ ቢሮዎች መሀል ትመላለሳላችሁ። ከአዲስ አበባ ስትወጡ የደብዳቤውን ግልባጭ፣ የሊብሬውን፣ የዲክላራሲዮኑንና የውሉን ኮፒ ይዛችሁ ውጡ። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነድ እንዴት እንደሚጠፋ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ኮፒ ያለው ሰው ፋይሉ እንደገና እንዲደራጅለት መጠየቂያ መነሻ አለው።

ችግር፦ ክፍያው ከጠበቃችሁት በላይ ሆነ

የቴምብር ቀረጥ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት 2 በመቶ ነው። ይሄ የሚሰላው ውሉ ላይ በጻፋችሁት ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ቢሮው የራሱን ግምት ይጠቀማል። ስለዚህ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ አያተርፍም፤ ይልቅ ሽያጩ ቢፈርስ ማስመለስ የምትችሉት የተጻፈውን ያህል ነው። በ800 ሺህ ገዝታችሁ 300 ሺህ አትጻፉ። የከፈላችሁት ቀብድ ከሆነም «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሻጩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ እናንተ ካፈረሳችሁ ግን ቀብዱ ይቀራል።

ፋይሉ መንገድ ላይ እያለ መኪናውን የምትነዱ ከሆነ የሦስተኛ ወገን መድኑ በማን ስም እንደሆነ እዩ። በአሮጌው ባለቤት ስም ከሆነ መድን ድርጅቱ ጋ ሄዳችሁ የባለቤት ለውጡን በጽሑፍ አስታውቁ፣ ማረጋገጫውንም መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ለሻጩም ይሄ ይጠቅመዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ነው የሚጠይቀው፣ ሊብሬው ላይ ስሙ እስካለ ድረስ ተከሳሽ ተብሎ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ይሄን ስትነግሩት ፊርማ የሚያዘገየውም ሰው ይፈጥናል።