ጋርዴኒያዬን ቢጫ ያደረገው ለካ አመዱ ነበር

ጋርዴኒያ ተክላችሁ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ላስቸገራችሁ የኔን ልንገራችሁ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው አበባውም ይሸታል ሲሉኝ ግድግዳ ስር ተከልኩት፣ መጀመሪያ አሪፍ ነበር፣ ከዛ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ፣ ደም ስሩ ብቻ አረንጓዴ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ መረብ ነው የሚመስለው። እንቡጡም ሳይፈነዳ ይረግፋል። እኔ ደግሞ ምግብ አንሶት ነው ብዬ አመድ እነሰንስለታለሁ፣ ጭራሽ ባሰበት።

ለካ ብረት (አይረን የሚባለው ንጥረ ነገር) አጥሮት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ግን ጋርዴኒያ የሚወደው አሲዳማ አፈር ነው፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5 እስከ 6 አካባቢ፣ ከ7 ካለፈ ስሩ ብረቱን መውሰድ ያቅተዋል። አመድ ፒኤች ከፍ ያደርጋል፣ ከግድግዳው ሲሚንቶ የሚታጠበው ኖራም እንደዛው። የኔን ስለካው 7.5 አካባቢ!

አመዱን ተውኩ፣ ከነአፈሩ አንስቼ ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል አርቄ የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅዬ ተከልኩት (ግንዱን ከድሮው በላይ እንዳትቀብሩት)። ሰልፈርም (ድኝ) አፈሩን አሲዳማ እንዲያደርግልኝ ትንሽ ጨመርኩ፣ እሱ ግን ወራት ይፈጃል ምክንያቱም ወደ አሲድ የሚቀይሩት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እስከዛው ኪሌትድ አይረን (ስሩ በቀላሉ እንዲወስደው ሆኖ የተዘጋጀ ብረት) በውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። ስትገዙ ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚለውን ዓይነት ፈልጉ፣ ፒኤች ከፍ ባለበትም የሚሰራው እሱ ነው። የማጠጣውም ካገኘሁ የዝናብ ውሃ ነው።

በ3 ሳምንት አዲሱ ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ አሮጌው ቢጫ ግን እንደሆነ ቀረ፣ እሱን እየለቀምኩ ነው።