ሆሱር ላይ የቤትና የመሬት ዋጋ ሲጠሩላችሁ እንዴት ታሰላላችሁ?

ህንድ ውስጥ ዋጋ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚያደናግራችሁ መለኪያው ነው። ደላላው እርሻውን በኤከር፣ ቦታውን በሴንት፣ ፍላቱን (አፓርታማውን) በስኩዌር ፊት ይጠራላችኋል። ገንዘቡ ደግሞ በላክና በክሮር ይመጣል። አንድ ላክ 100,000 ነው፣ አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን። እኛ የለመድነው በካሬ ነው፤ አንድ ካሬ 10.76 ስኩዌር ፊት ይሆናል። አንድ ሴንት 435.6 ስኩዌር ፊት ነው፣ 100 ሴንት አንድ ኤከር ይሞላል። በብዛት የሚሸጠው 30 በ40 ፊት የሆነው ቦታ 1,200 ስኩዌር ፊት ነው፤ በኛ ቋንቋ 111 ካሬ ገደማ ማለት ነው። ማንም ምንም ዋጋ ቢጠራላችሁ ስልካችሁን አውጡና ወደ ስኩዌር ፊት ለውጡት። ከዚያ በፊት "ርካሽ ነው" ብሎ መደሰትም "አበዱ እንዴ!" ብሎ መደንገጥም ትርጉም የለውም።

ምሳሌ እንዲሆነን ሆሱርን ልውሰድ። ከባንጋሎር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ታሚል ናዱ እንደገባችሁ የምታገኟት የፋብሪካ ከተማ ናት። ቲቪኤስ ሞተር ሳይክል፣ አሾክ ሌይላንድ የጭነት መኪና፣ ታይታን ሰዓት ይሠሩባታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ታታ ኤሌክትሮኒክስ የአይፎን ክፍሎች የሚያመርትበትን ትልቅ ፋብሪካ በአካባቢው ከፍቷል። ጽጌረዳም በብዛት ይበቅልባታል፤ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ የዝዋይን አበባ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ባንጋሎር ሲወደድባቸው ሰዎች ወደዚህ ይወርዳሉ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ይጠራል፣ ደላላው በመሃል ይሮጣል። ህንድ ውስጥ ሌላ የምታድግ ከተማም ከሆናችሁ ስሌቱ ያው ነው፤ የሚለያየው የወረቀቶቹ ስምና የክፍያው መጠን ነው።

የኔ ምክር ከኪራይ ጀምሩ ነው። ቦታ ልትገዙም ብትሆን። ተከራይ ለዛሬ ነው የሚከፍለው፤ "በአምስት ዓመት ውስጥ ሜትሮ ይመጣል" ስለተባለ በወር አንድ ሩፒ አይጨምርም። ስለዚህ የሰፈሩን እውነተኛ አቅም ከማንም በላይ የሚነግራችሁ ኪራዩ ነው።

በባጋሉር መንገድ ወይም በራያኮታይ መንገድ በኩል ሰፈር ውስጥ ገብታችሁ በእግር ዙሩ። በር ላይ "ቱ ሌት" (ይከራያል) የሚል ሰሌዳ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ሰሌዳው አዲስ ነው ወይስ ፀሐይ ቀለሙን በልቶታል? ቀለማቸው የለቀቀ ሰሌዳዎች ከበዙ ሰፈሩ ውስጥ ከተከራይ ይልቅ ቤት በዝቷል ማለት ነው፣ ለድርድር ደፈር በሉ። ማጂክብሪክስና 99ኤከርስ በሚባሉት የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጾች ላይ የምታዩት የተጠየቀ ዋጋ ነው፤ የተከፈለ አይደለም። የተከፈለውን ማወቅ ከፈለጋችሁ እዚያው ሕንጻ ላይ ያለ ተከራይ ጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው አይደብቅም፤ እንዲያውም ብሶቱን ጨምሮ ይነግራችኋል።

"2 ቢኤችኬ" ማለት ሁለት መኝታ፣ ሳሎንና ወጥ ቤት ነው። ዋጋው ሲነገራችሁ ኪራዩን ብቻ ሰምታችሁ አትሂዱ። እንበል ኪራዩ 15,000 ሩፒ ነው። ሜንቴናንስ የሚሉት የጥበቃ፣ የሊፍትና የጽዳት ክፍያ 2,000 ይጨመርበታል። ስትወጡ ደግሞ ብዙ አከራዮች "ለቀለም" ብለው የአንድ ወር ኪራይ መጀመሪያ ካስያዛችሁት ገንዘብ ላይ ይቆርጣሉ። ውሉ 11 ወር ከሆነ ይሄ በየወሩ 1,364 ሩፒ ይመጣል። እና የ15,000 ቤታችሁ 18,364 ሆነ፣ ውሃ ሳይቆጠር።

ውሉ 11 ወር የሚሆነው ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ኪራይ በ1908ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የምዝገባ ሕግ መሠረት መመዝገብ ስላለበት ነው፤ ያንን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ሁሉም 11 ይጽፋል። ሲታደስ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጭማሪ የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ውሉ ላይ አስጽፉት። የመያዣውን ነገር ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ባንጋሎር የአሥር ወር ኪራይ በአንዴ መቀበል የኖረ ልማድ ነው፣ ሆሱርም በቅርበቷ የተነሳ "እንደ ባንጋሎር ነው" የሚል አከራይ አይጠፋም። የታሚል ናዱ የ2017 የአከራይና ተከራይ ሕግ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ መያዣው ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ሕጉን ጠቅሶ መጨቃጨቅ ሁሌ ላያዋጣ ይችላል፤ ግን ከየት ጀምራችሁ እንደምትደራደሩ ታውቃላችሁ።

ውሃ ሳልል እንዳላልፍ። በዚህ አውራጃ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ያስቸግራል፣ ለዚህም ነው የሆገናካል የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት የተሠራው። "የሆገናካል ውሃ ይገባል? በስንት ቀን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ቦርዌል (የጉድጓድ ውሃ) አለ፣ ሲያልቅ ታንከር እንጠራለን" ከሆነ የታንከሩን ወጪ ማን እንደሚከፍል አረጋግጡ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሕንጻዎች ኪራያቸው የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ለሐበሾች አንድ ነገር። አከራዩ የውጭ ዜጋ ሲያስገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማስታወቅ አለበት፣ በተለምዶ ፎርም ሲ የሚባለው ነው። ይሄን የማያውቅ ወይም የሚሰለቸው አከራይ ወይ እምቢ ይላል ወይ ዋጋ ይጨምራል። ኦንላይን የሚሞላ መሆኑን አስረዱት። መግዛትን በተመለከተ፣ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ቤት መግዛት አይፈቀድም፤ እስከ 5 ዓመት መከራየት ግን ይቻላል። በሥራ ምክንያት ነዋሪ የሆነ ሰው ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ጠበቃ ያማክር።

አሁን ኪራዩን ይዛችሁ ወደ ፍላት ዋጋ ሂዱ። ያ በ15,000 የሚከራየው ቤት በ60 ላክ ይሸጣል እንበል። በዓመት 1 ላክ 80 ሺህ ያስገባል፣ ማለትም 3 በመቶ። የባንክ የቤት ብድር ወለድ 8 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱን ገዢው የሚከፍለው ዋጋው ይጨምራል ብሎ በተስፋ ነው። ህንድ ውስጥ ከ2 እስከ 4 በመቶ የተለመደ ስለሆነ 3 አያስደነግጥም። 1 ተኩል ከሆነ ግን ዋጋው ውስጥ ግማሹ ወሬ ነው።

ፍላት ላይ ትልቁ ጨዋታ ስፋቱ ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው "ሱፐር ቢልት አፕ" ነው፤ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የሊፍቱ ጉድጓድ፣ ኮሪደሩ፣ ክለቡ ሳይቀር ተካፍሎ ይደመርበታል። እናንተ ምንጣፍ የምታነጥፉበት ስፋት "ካርፔት" የሚባለው ነው። ሁለት ቤት አወዳድሩ። አንዱ 1,200 ስኩዌር ፊት በ5,000 ሩፒ፣ ድምሩ 60 ላክ። ሌላው 1,100 በ5,300፣ ድምሩ 58 ላክ ከ30 ሺህ። በወረቀት ሲታይ ሁለተኛው ጠባብም ነው፣ በስኩዌር ፊት ሲታሰብም ውድ ነው። ካርፔቱን ስትጠይቁ ግን የመጀመሪያው 840 ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ የሁለተኛው 858። ስለዚህ የመጀመሪያው በትክክለኛው ስፋት 7,143 ሩፒ መጣ፣ ሁለተኛው 6,795። "ውዱ" ሰፋ ብሎም ረከሰ። ሻጩ ካርፔቱን ለመናገር ከተንተባተበ ሬራ የሚባለው የሪል እስቴት ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። በ2016 በወጣው የሪል እስቴት ሕግ መሠረት መሬቱ ከ500 ካሬ ሜትር ወይም ቤቶቹ ከ8 የሚበልጡ ፕሮጀክት መመዝገብ አለበት፣ ካርፔቱም እዚያ ይገለጻል። የምዝገባ ቁጥር የለውም? ደህና ዋል በሉት። እዚያው ሕግ ላይ፣ የሽያጭ ስምምነቱ ተጽፎ ሳይመዘገብ ከዋጋው ከ10 በመቶ በላይ ቀብድ መቀበል ክልክል ነው።

ከዚያ ጭማሪዎቹ ይመጣሉ። ፓርኪንግ፣ ክለብ፣ የፎቅ ከፍታ፣ የመጀመሪያ ዓመት ሜንቴናንስ። ሕንጻው ገና እየተሠራ ከሆነ 5 በመቶ ጂኤስቲ የሚሉት የሽያጭ ግብር አለ፤ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ካገኘ በኋላ ስትገዙ ይሄ ይቀራል። "ሁሉን ጨምሮ ቁልፍ እስክቀበል ስንት?" ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። አንድ ቁጥር ደግሞ አትርሱ፣ ዩዲኤስ የሚሉትን፣ ከጠቅላላው መሬት የናንተ ድርሻ ማለት ነው። ሕንጻው በየዓመቱ ያረጃል፣ ዋጋ የሚጨምረው መሬቱ ነው፤ ስለዚህ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ዩዲኤሱ ከፍ ያለውን ምረጡ። ባለ ብዙ ፎቅ ግንብ ላይ ድርሻችሁ መሐረብ ታክላለች።

ወደ መሬት እንምጣ። ህንድ ውስጥ መሬት የግል ነው፤ እንደኛ ሊዝ አይደለም፣ እና ወሬ ሁሉ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። ሰኔ 2024 የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ስታሊን ሆሱር ላይ በ2,000 ኤከር ላይ በዓመት 30 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚሠራ አስታወቁ። በነጋታው "ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ" የማይል ማስታወቂያ ጠፋ ማለት ይቻላል። ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። የባንጋሎር አውሮፕላን ማረፊያ ውል በ150 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሌላ እንዳይከፈት እስከ 2033 ይከለክላል። ሜትሮውም እንዲሁ፤ ቢጫው መስመር ነሐሴ 2025 ቦማሳንድራ ድረስ ደርሷል፣ ከዚያ ወደ ሆሱር ያለው ገና ሐዲድ አልተነጠፈበትም። ደላላው ስለ መጪው ሲያወራ "ጨረታው ወጥቷል? የመሬት ካሳ ተከፍሏል?" ብላችሁ ጠይቁት። ካልወጣ ያልተሠራውን ነገር ዛሬ አትክፈሉለት።

የቦታ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከእርሻው ጀምራችሁ ቁጠሩ። ዳር ላይ አንድ ኤከር በ2 ክሮር ይሸጣል እንበል። በስኩዌር ፊት 459 ሩፒ ነው። ባለሀብቱ ሲሸነሽነው ለመንገድና ለክፍት ቦታ ይለቅቃል፣ የሚሸጥለት 55 በመቶ ገደማ ቢሆን መሬቱ ብቻ 835 ሩፒ ወጣበት። አስፋልት፣ ቦይ፣ መብራት፣ የፈቃድ ወጪ ጨምሩበት። እሱ 2,000 ከጠራላችሁ መሃል ላይ ያለው ክፍተት የድርድር ሜዳችሁ ነው።

"ዲቲሲፒ አፕሩቭድ"፣ ማለትም በክልሉ የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤት የጸደቀ፣ ካልሆነ ቦታ ራቁ፣ ርካሽ ቢሆንም። በ2016 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያልተፈቀዱ ሽንሻኖዎች እንዳይመዘገቡ አግዶ ብዙ ሰው ቦታው በእጁ እንዳለ መሸጥ አቅቶት ነበር፤ በ2017 የማስተካከያ ደንብ ቢወጣም ክፍያ አለው። ፓታ የሚባለው እንደኛ ካርታ ነው በሉት፣ በሻጩ ስም መሆኑን እዩ። የዕዳና እገዳ ማረጋገጫውን፣ እነሱ ኢሲ ይሉታል፣ ቢያንስ የ30 ዓመቱን ተመልከቱ፤ የታሚል ናዱ የምዝገባ ድረ ገጽ ላይ ይታያል። በውክልና የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ ባለቤቱ ራሱ ፊርማው ላይ ይገኝ። በውክልና ወረቀት ብቻ የሚደረግ ሽያጭ ባለቤትነት እንደማያዛውር የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ወስኗል። በነገራችን ላይ ፊቱ ወደ ደቡብ የዞረ ቦታ ብዙ ጊዜ ቅናሽ አለው፣ ቫስቱ በሚሉት የቤት አቀማመጥ እምነት ምክንያት። ለናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ ስትሸጡት ግን ያው ቅናሽ ይጠብቃችኋል።

የመጨረሻው መንግሥት የሚያወጣው የመነሻ ዋጋ ነው፣ ጋይድላይን ቫልዩ ይባላል፣ በየመንገዱ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ተዘርዝሯል። ከገበያው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሻጩም "በወረቀት በመነሻው እንጻፍ፣ ቀሪውን በካሽ" ይላችኋል። ቦታው 24 ላክ፣ መነሻው 15 ላክ ነው እንበል። የቴምብርና የምዝገባ ክፍያው ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በድምሩ 9 በመቶ ስለሆነ በ15 ስትጽፉ 81,000 ሩፒ የቆጠባችሁ ይመስላችኋል። በመጀመሪያ ነገር፣ ለቤትና መሬት ሽያጭ 20,000 ሩፒና ከዚያ በላይ በጥሬ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው፣ ቅጣቱም የተቀበሉትን ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦታውን በ30 ላክ በትክክለኛ ወረቀት ስትሸጡት ትርፋችሁ 6 ላክ መሆኑ ይቀርና 15 ላክ ይሆናል። የረጅም ጊዜ ትርፍ ግብሩ 12.5 በመቶ ነው፣ እና በዚያ በካሽ በሄደው 9 ላክ ላይ ብቻ 112,500 ሩፒ ትከፍላላችሁ፤ የሻጩ 9 ላክ ግን ያኔውኑ ከግብር አምልጦ ሄዷል።