ሾርባውን ሳትጠይቁ አትዘዙ፦ ፎ፣ ራመንና ሆት ፖት ቤት የሚሠሩ ስህተቶች

ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፣ የሚኖር አበሻ ፎ የሚባለውን የቬትናሞች የኑድል ሾርባ ሳያውቅ አይቀርም። ፎልስ ቸርች ያለው ኤደን ሴንተር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የቬትናሞች መገበያያ ነው፤ የእኛም ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከዚያ ብዙም አይርቁም። ብርዱ ሲጠና፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ከሌሊት ሥራ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ወጣቱ ደግሞ አሁን አሁን የጃፓኖቹን የኑድል ሾርባ ራመንን፣ እንዲሁም ጠረጴዛ ላይ በሚፈላ ሾርባ ውስጥ ራስ እያበሰሉ የሚበሉትን የቻይናዎቹን ሆት ፖት ለምዷል። ታዲያ አዝዞ የሚበሳጭ ሰው አይጠፋም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ስለ ሥጋው ይጠይቃል፣ ስለ ዋጋው ይጠይቃል፣ ስለ ሾርባው ግን አይጠይቅም።

ሥጋ ካልታየ ጾም ነው ማለት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሜኑው ላይ «ቬጅቴብል ፎ» የሚል አይታችሁ ታዛላችሁ። ሲመጣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ ብሮኮሊ፣ ካሮት፤ ሥጋ የሚባል የለም። ሾርባው ግን ብዙ ጊዜ ያው የበሬ አጥንት ለሰዓታት የተንተከተከበት ነው። ለብቻው ከአትክልት ቢሠራም እንኳ፣ ከዓሣና ከጨው የሚብላላው ፊሽ ሶስ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የለውም» ይሏችኋል፤ አልዋሹም። «ሾርባው ከምንድን ነው የተሠራው?» በሏቸው። ቬትናሞች ጋ «ቻይ» የሚል ካያችሁ ቡድሂስቶች ከሥጋ ሲታቀቡ የሚበሉት ዓይነት ነው፤ ለጾመኛ የሚቀርበው እሱ ነው። እንቁላል እንዳይኖርበት ግን ጠይቁ።

ጃፓኖች ጋ ስትሄዱ ደግሞ ዓሣ የማይበላ ጾመኛ ይጠንቀቅ። የአትክልት ኡዶን (ወፍራም የስንዴ ኑድል) ተብሎ የሚመጣው ሾርባ መሠረቱ በአብዛኛው ቦኒቶ የሚባል የደረቀ ዓሣ ነው። ኮምቡ ከተባለው የባሕር ቅጠል ብቻ የሚሠራም አለ፤ እሱን ጠይቁ።

የአሳማውም ነገር እንደዚሁ ነው። ቶንኮትሱ የሚባለው ራመን ወተት መስሎ ሲመጣ ክሬም የገባበት ይመስላል። የነጣው ግን የአሳማ አጥንት ለሰዓታት በኃይል ስለፈላበት ነው። «ከላይ ያለውን ሥጋ አንሱልኝ» ማለት ምንም አይለውጥም። በአኩሪ አተር ሶስ የሚጣፍጠው ሾዩና በተብላላ አኩሪ አተር የሚጣፍጠው ሚሶ ራመንም ሾርባቸው አሳማ ሊኖርበት ይችላል።

አሳማ ለማይበላ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ የእኔ ምርጫ የላንዡ የበሬ ኑድል ነው። ላንዡ በሰሜን ምዕራብ ቻይና ያለች ከተማ ናት፤ ምግቡንም ያስታወቁት ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ናቸው። ሊጡን እዚያው ዓይናችሁ እያየ በእጅ ይጎትቱታል። ቀጭን፣ ክብ ወይም ሰፊ አድርጉልኝ ማለት ትችላላችሁ። ጠራ ባለው ሾርባ ላይ ስስ ነጭ ፍጅል፣ ድንብላልና ቀይ የበርበሬ ዘይት ይጨመርበታል። ውጭ አገር በዚህ ስም የሚሸጥ ሁሉ ግን ሐላል አይደለምና ሐላል መሆኑን አረጋግጡ።

ሳይቀምሱ ሶስ ማፍሰስ

ቀይ ካልሆነ ወጥ የማይመስለን ሕዝብ ስለሆንን ይኼ ስህተት የእኛው ነው። ፎው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ ሲራቻ የሚባለው ቀይ የበርበሬ ሶስ ይጨመቃል፣ ጥቁሩና ጣፋጩ ሆይሲን ይከተላል። በቃ፣ ሾርባው ሞተ። አብሳዩ እኮ ዝንጅብሉንና ሽንኩርቱን እሳት ላይ ጠብሶ፣ ከአጥንቱ ጋር ቀረፋና ያንን ኮከብ የሚመስል ቅመም ጨምሮ ሲደክምበት የዋለው ሾርባ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ባዶውን ቅመሱ። ከዚያ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ሁለቱን ሶሶች በትንሿ ሳህን ቀላቅላችሁ ሥጋውን እያጠቀሳችሁ ብሉ።

በነገራችን ላይ፣ ያ አረንጓዴ ክዳንና የዶሮ ሥዕል ያለው ሲራቻ የተጀመረው ሎስ አንጀለስ ነው። ያቋቋመው ዴቪድ ትራን የሚባል ከቬትናም የተሰደደ ሰው ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1980 ነው።

በጎን የሚመጣው ሳህንም ጌጥ አይደለም። የበሶብላ ዘመድ የሆነውን ቅጠል ከግንዱ በጣታችሁ እየቀነጠሳችሁ ጨምሩት። ቃሪያው ለእናንተ ምንም አይደለም። የማሾ በቆልቱን ጥሬውን የማትወዱ ከሆነ ፈላ ውኃ ውስጥ አስገብተው እንዲያመጡላችሁ ንገሯቸው።

ፎቶ እያነሱ ኑድሉን ማስጠበቅ

ኑድል አይጠብቅም፤ ሾርባውን እየጠጣ ያብጣል። ራመን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። እንደመጣ ብሉት። እየሳባችሁ ድምፅ ብታወጡ ጃፓን ውስጥ ነውር አይደለም። ወደ ቤት የምትወስዱ ከሆነ ሾርባውንና ኑድሉን ለየብቻ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።

ሽንፍላን መፍራት፣ ወይም ከልክ በላይ ማብሰል

ፎ ቤት ሥጋውን መምረጥ ይቻላል፦ ስስ ተቆርጦ በጥሬው የሚገባው፣ ፍርምባው፣ ጅማቱ፣ ሽንፍላው። ቤቷ ሽንፍላ ስታጥብ የኖረች እናት ያለው ሰው ሜኑው ላይ በእንግሊዝኛ ሲያየው ፊቱን ያጨማድዳል። አይገባኝም። ሆት ፖት ቤትም ከሚወደዱት አንዱ እሱ ነው። እዚያ ግን ሌላ ስህተት ይመጣል። እኛ ሽንፍላን ረጅም ሰዓት ማብሰል ስለለመድን ድስቱ ውስጥ ጥለነው ወሬ እንጀምራለን። ቅጠል ቅጠል የመሰለው ስስ ሽንፍላ የሚፈልገው 15 ሰከንድ ገደማ ነው። በቾፕስቲክ እንደያዛችሁት ነከር ወጣ፣ ነከር ወጣ አድርጉትና ጫፉ ጥቅልል ሲል ብሉት። ከዚያ ካለፈ ጎማ ነው።

ቀዩን ድስት እንደ ሾርባ መጠጣት

የሲቹዋኑ ቀይ ሆት ፖት ማብሰያ ነው እንጂ መጠጫ አይደለም። ላዩ ወፍራም ዘይት ነው፤ የቾንግቺንጉ ዓይነት ደግሞ የበሬ ሞራ ነው። በጭልፋ ቀድቶ ሊጠጣ የሚል ካያችሁ አስቁሙት። ሾርባ ያማረው ሰው የቲማቲሙን ወይም የእንጉዳዩን ይዘዝ፤ እሱንም ሥጋ ሳይገባበት ይቅዳው።

«ሚጥሚጣ ያሳደገኝ ነኝ» ብላችሁም ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይለኛውን አትዘዙ። የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ማቃጠል ብቻ ሳይሆን ከንፈርና ምላስ ያደነዝዛል። በሚጥሚጣ የሠለጠነ አፍ ለዚህ አይዘጋጅም። ነጭ ሽንኩርት የተጨመረበት የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ማጥቀስ ቃጠሎውን ያበርዳል። ጎመንና ሌላ ቅጠላ ቅጠል ቀዩን ዘይት ስለሚመጥ፣ ድስቱ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ በማያቃጥለው ነጭ ሾርባ በኩል አብስሉት።

ይኼ ለሁለት የተከፈለው ድስት ለጾመኛና ለፍስከኛ መፍትሔ ይመስላል። ጭልፋው ግን ከወዲህ ወዲያ ይመላለሳል። ለየሰው ትንሽ ድስት የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ በጾም ወቅት እነሱን ምረጡ።

በአንድ ቾፕስቲክ ጥሬውንም በሰሉንም

ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ስለሆንን እዚህ ላይ እንዘናጋለን። ዶሮና ሽሪምፕ ግን ቁርጥ አይደሉም። ጥሬውን በመቆንጠጫው አንሱ፣ በአፋችሁ በምትይዙት ቾፕስቲክ አትንኩት። ሌላውን ማጉረስ ካማራችሁ አብስላችሁ ሳህኑ ላይ አድርጉለት።

ሁሉንም አንዴ አትዘርግፉ፤ ድስቱ ይቀዘቅዛል፣ ምን እንደበሰለም አይታወቅም። ድንችና በቆሎ ቀድመው ይግቡ፣ ስሱ ሥጋ ቀለሙ እንደተለወጠ ይውጣ፣ ኑድሉ መጨረሻ ይሁን፤ ሾርባውን ያወፍረዋልና። የቻላችሁትን ያህል ብሉ በሚል ዋጋ የሚያስከፍሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሰዓት ገደብ አላቸው፣ ለተረፈውም ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ሳትቀመጡ ጠይቁ።

በነጭ ልብስ መሄድ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሆት ፖት ቤት የምትገቡ፣ ነጠላውን መኪና ውስጥ ተዉት። ቀዩ ዘይት ይፈናጠቃል፣ ሽታውም በአንድ እጥበት አይለቅም። ሽርጥ የሚሰጡ ቤቶች አሉ፤ ካላመጡላችሁ ጠይቁ።