ወንድምዎ ኩላሊት ከመስጠቱ በፊት ይህን ያስመርምሩ

ሜሪላንድ ውስጥ የዲያሊሲስ (ደምን በማሽን የማጠብ ሕክምና) ነርስ ነኝ። ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎቼን ሁሉ «ኩላሊትዎ በምን ምክንያት እንደደከመ ያውቃሉ?» እላቸዋለሁ። መልሱ «አልታወቀም» ከሆነና በወጣትነትዎ የኩላሊት ጠጠር ደጋግሞ ይዞዎት ከነበረ፣ ወይም እህት ወንድምዎን ጠጠር የሚያስቸግራቸው ከሆነ፣ ፕራይመሪ ሃይፐርኦክሳሉሪያ ዓይነት 1 የሚባለው በሽታ እንዲጣራልዎት የኩላሊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በሽታው ብርቅ ነው፤ በዘር ይተላለፋል። ጉበት አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ያመርታል፤ ያም ከካልሲየም ጋር ጠጠር እየሆነ ኩላሊትን ያበላሻል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል። አንዳንዱ ላይ ግን የሚታወቀው በጉልምስና ዲያሊሲስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ይባስ ብሎም የተተከለለት ኩላሊት ከተበላሸ በኋላ። ጉበቱ ያው ስለሆነ አዲሱንም ኩላሊት ያጠቃዋል። ወንድም ከአካሉ ቆርሶ የሰጠው ኩላሊት ባልተጠየቀ ምርመራ ምክንያት ሲጠፋ ማሰብ እንኳ ይከብደኛል።

ሽንት ካቆመ ምርመራው በደም ነው። ደሙ የዕለቱ ዲያሊሲስ ከመጀመሩ በፊት ይቀዳ፤ ወዲያው በበረዶ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። ከቆየ ቱቦው ውስጥ ኦክሳሌት ሊፈጠርና ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። የቫይታሚን ሲ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሰውነት ወደ ኦክሳሌት ይቀይረዋል። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኦክሳሌቱ ከፍ ስለሚል ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያረጋግጠው የዘረመል ምርመራ ነው። የአጥንት ሕመም፣ የማይድን የቆዳ ቁስል፣ በመርፌ የማይሻል ደም ማነስ ካለብዎትም ሳይደብቁ ይንገሩ።

ከተገኘ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ ቀኑ ይጨመራል። ቫይታሚን ቢ6 አንዳንድ ታካሚዎችን ይረዳል። በ2020 እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው ሉማሲራን የተባለ መድኃኒት ደግሞ ጉበት የሚያመርተውን ኦክሳሌት ይቀንሳል። ጉበትና ኩላሊት አብረው የሚተከሉላቸውም አሉ።

በጾም ቆስጣና ቀይ ስር ኦክሳሌታቸው ብዙ ስለሆነ ይቀንሱ፤ ዋናው ምንጭ ግን ጉበት ነውና ምግብ ብቻውን አያድንም።

ለጋሹም ይመርመር። ከአንድ እናትና አባት ከሆናችሁ፣ ከአራት አንድ ዕድል በሽታው እሱም ላይ አለ፤ ጤነኛ መስሎ ሊታይም ይችላል።