የሆስፒታልን የውጭ ግድግዳ በእንጨት እንዴት እናልብስ?

እንጨት ይነዳል። በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ በራሳቸው እግር መውጣት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ተኝተዋል። የሆስፒታልን ግድግዳ በእንጨት ማልበስ የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከዚህ ይጀምር፤ የእንጨቱ ቀለምና ውበት በኋላ ይደርሳል። እንጨት ለሕሙማን መልካም እንደሆነ አምናለሁ፤ ጥንቃቄውን የማስቀድመውም ስለዚሁ ነው።

1. ሕጉንና ከፍታውን ይመልከቱ

እ.ኤ.አ. በ2017 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በለንደን የግሬንፌል የመኖሪያ ሕንፃ ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱን ከፎቅ ወደ ፎቅ ያዛመተው የውጭ ልባሱ ነበር፤ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል የታሸገ ፕላስቲክ እንጂ እንጨት አልነበረም። ሆኖም እንግሊዝ በ2018 መጨረሻ ያወጣችው እገዳ ከመሬት 18 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ፎቅ ባላቸው ሆስፒታሎች ግድግዳ ላይ የሚቀጣጠል ልባስን ከለከለ፤ እንጨትም አብሮ ቀረ። እርስዎ በሚሠሩበት አገር ሕጉ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ንድፉ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት የእሳት መከላከያ ባለሙያውንና መድን ሰጪውን ያነጋግሩ።

ሕጉ ባይከለክልም የኔ ምክር ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ያለው ሬሃብ የተባለ የማገገሚያ ሆስፒታል ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ በ2024 የተከፈተው የዙሪክ የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ባለ ሦስት። በዙሪክ ሸክሙን የያዘው ኮንክሪት ነው፤ እንጨቱ በኮንክሪቱ መካከል እየገባ ገጹን ይሞላል። ሁለቱንም የነደፉት የስዊዘርላንድ አርክቴክቶቹ ሄርዞግ እና ደ ሜሮን ናቸው።

2. ከልባሱ ጀርባ ያለውን ክፍተት ይዝጉ፣ ግን አያፍኑት

በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ደረጃ ነው። እንጨቱ እንዲደርቅ ከጀርባው አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ያስፈልገዋል። እሳት ከተነሳ ያው ክፍተት ጭስ ማውጫ ይሆንና ነበልባሉን ወደ ላይ ይስባል። በሆስፒታል ይህ ከሌላው ሕንፃ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሕንፃው ሲቃጠል ሕሙማን በደረጃ አይወርዱም፤ ከነአልጋቸው በዚያው ፎቅ ላይ ወደሚቀጥለው እሳት ወደማያልፈው ክፍል ይገፋሉ። እሳቱ በውጭ በኩል ዞሮ ያንን ክፍል ከቀደማቸው መጠጊያቸው ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቅ ወለል ትይዩ፣ እንዲሁም የእሳት መለያ ግድግዳዎች ከውጭ ግድግዳው ጋር በሚገናኙበት ሁሉ ማገጃ ያስገቡ። በሙቀት የሚያብጥ ማገጃ አለ፤ በአዘቦት ቀን አየር ያሳልፋል፣ እሳት ሲነካው አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለሙቀት መከላከያ ከቀለጠ ዐለት የሚፈተለውን ሱፍ ይጠቀሙ፤ አይነድም። ያልታከመ ጣውላ በአውሮፓ የእሳት ምደባ (ከA እስከ F፣ A የተሻለው ነው) አብዛኛውን ጊዜ D ላይ ይወድቃል፤ እሳት በሚያዘገይ ኬሚካል የታከመው እስከ B ሊደርስ ይችላል። ኬሚካሉ በዝናብ እንደማይታጠብ ማስረጃ ይጠይቁ። ምስክር ወረቀቱም ስለ ጣውላው ብቻ ሳይሆን ስለ ሙሉ ግድግዳው የሚናገር ይሁን። የኦክስጅን ታንከር፣ ጀነሬተርና የቆሻሻ ገንዳ ባሉበት አካባቢ እንጨቱን ይተዉት።

3. ሕመምተኛው የሚያየው ቦታ ላይ ያውሉት

ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ባሳተመው ጥናት በፔንስልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች አነጻጽሯል። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነው። ጥናቱ ስለ ዛፍ እንጂ ስለ ጣውላ ስላልሆነ ከዚያ በላይ አልስበውም። ቢሆንም እንጨቱን የት እናውለው ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ ይሰጣል፦ መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ ከመለጠፍ ይልቅ አልጋ ላይ ያለ ሰው በሚያየው፣ ዛፍ በተተከለበት የውስጥ ግቢ ዙሪያ።

4. የዛፉን ምንጭና ዕድሜ ይጠይቁ

ኤፍኤስሲ (በ1993 የተመሠረተ) እና ፒኢኤፍሲ (በ1999) ደኑ በአግባቡ መያዙን የሚመሰክሩ ሥርዓቶች ናቸው። የምስክር ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ መኖሩን ይመልከቱ፤ በካታሎግ ላይ የታተመ ዓርማ አይበቃም።

ምንጩ ጥሩ መሆኑ ግን ግማሽ መንገድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የላርች ወይም የፓይን ዓይነት እንጨት ወደ 900 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይቆያል፤ በአሥር ዓመት በስብሶ ከተጣለ የያዘውን ይመልሳል። ስለዚህ የሚቆይ ይምረጡ። የአውሮፓ መመዘኛ እንጨትን ለመበስበስ ባለው ጥንካሬ ከ1 እስከ 5 ይመድባል፤ 1 በጣም የሚቆየው ነው። ቶሎ የሚበሰብስ እንጨትም 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ቢታከም ዕድሜው ይረዝማል። በ2017 በእንግሊዝ በኦልድሃም ሆስፒታል ግቢ የተሠራው፣ ማጊስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የካንሰር ሕሙማን ማዕከል የለበሰው እንዲህ የታከመ የቱሊፕ ዛፍ ጣውላ ነው።

5. ውኃ እንዳይቆም አድርገው ይግጠሙ

ከጀርባ ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ክፍተት፣ ከላይና ከታች ነፍሳት የማያስገባ ወንፊት። የታችኛው ጫፍ ከመሬት ቢያንስ 200 ሚሊሜትር ከፍ ይበል፤ ከዚያ በታች ድንጋይ ወይም ጡብ፣ አምቡላንስ በሚቆምበት ደግሞ ከዚያም ከፍ አድርገው። የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ ይታሸግ፤ ውኃ የሚጠጣው በዚያ ነው። እንደ ኦክ ያሉ ታኒን (ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁር የተክል ኬሚካል) ያላቸው እንጨቶች ተራ ሚስማር ሲነካቸው ጥቁር እንባ ያፈሳሉ፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይግዙ።

6. ለጥገናው ከወዲሁ ያስቡ

አቧራ አስፐርጊለስ የተባለውን ፈንገስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሕመምተኛ ይህ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ጣውላው ከግቢ ውጭ ተቆርጦ ይምጣ። በየጥቂት ዓመቱ ተፍቆ ቀለም የሚቀባ ልባስ በታካሚ መስኮትና በአየር መሳቢያ አጠገብ አይስማማም፤ ሳይቀባ በራሱ ግራጫ እንዲሆን መተው ይሻላል። ግራጫው ወጥ አይሆንም፤ ከጣሪያ ክንፍ ሥር ያለው ለረጅም ጊዜ ቡናማ ሆኖ ይቆያል። ይህን ለሆስፒታሉ አስተዳደር ከግንባታው በፊት ፎቶ አሳይተው ያስረዱ። እርግብ የምትሰፍርበት አግድም እርከን አይተዉ። ጣውላዎቹም አንድ በአንድ ተፈትተው የሚቀየሩ ይሁኑ፤ ትርፍ ጣውላ ከመጀመሪያው ግዢ አስቀምጡ፤ በየዓመቱም ከዝናብ ወቅት በኋላ የታችኛውን ጫፍና የመስኮት ሥሩን በጣት ተጭነው ይፈትሹ።