የዶሮ ቤት ወለል ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ዶሮ ለማርባት የሚነሱ ሰዎች ስለ ዝርያ፣ ስለ መኖና ስለ ክትባት አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ወለሉን ግን ለግንበኛው ይተዉታል። ግንበኛው ደግሞ የሚያውቀው የሰው ቤት ወለል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ከሞላ ጎደል አንድ ምንጭ አለው፤ እርሱም ውሃ ነው። ወለል የሚመርጥ ሰው ከዋጋውም ከመልኩም አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ቢያስብ ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹን አይሠራቸውም።

የመጀመሪያው ስህተት ወለሉን ከግቢው ጋር እኩል ማድረግ ነው። ቤቱ በበጋ ስለሚሠራ ችግሩ ለጊዜው አይታይም። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ አንድ አርቢ እንከን የማይወጣለት ኮንክሪት አስፈስሶ ቦቫንስ የተባለውን የእንቁላል ጣይ ዝርያ ቄቦች አስገባ፤ ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ ግን በበሩ ገብቶ ጉዝጓዙን፣ ማለትም ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ሁሉ፣ ጭቃ አደረገው። የወለሉ ጥራት ምንም አልረዳውም። ወለሉ ከግቢው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ ይውጣ፤ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈርለት።

ሁለተኛው ስህተት ከወለሉ በታች ያለውን አፈር አለማየት ነው። በአቃቂ፣ በቢሾፍቱና በበቾ የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ የፈሰሰ ስስ ኮንክሪትም አብሮት ይሰነጠቃል። በስንጥቁ እርጥበት ይወጣል፣ ኩስ ይገባል፣ አይጥም መንገድ ያገኛል። መረሬው ተቆፍሮ ይውጣና በገረጋንቲ ወይም በዚያ አካባቢ በብዛት በሚገኘው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይተካ፤ ከተጠቀጠቀ በኋላ ፕላስቲክ ተነጥፎበት ኮንክሪቱ ይፍሰስ።

ለጥቂት የጓሮ ዶሮዎች ግን ሲሚንቶ ግዙ አልልም። ከፍ ብሎ በደንብ የተጠቀጠቀ የአፈር ወለል፣ ዶሮዎቹ በተለወጡ ቁጥር ላዩ ተፍቆ በንጹሕ አፈር ከተተካ፣ በቂ ነው። መቶዎችን ለሚያረባ ሰው የማይሆነው አፈር ታጥቦ ፀረ ተሕዋስያን ሊረጭበት ስለማይችልና አይጥና ሽልምጥማጥ ከሥሩ ስለሚፈለፍሉት ነው።

እስካሁን ያልኩት ግንበኛውን ይመለከታል፤ የሚቀጥለው የባለቤቱ ነው። ሊሾ አስደርጌያለሁና ጉዝጓዝ አያስፈልገኝም የሚል አርቢ ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈትነውም እርሱ ነው። ወለሉን እንደ ሳሎን አስለስሎ ያሠራል፤ ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹ ቆመው እያዩት በጎማ ውሃ ይለቅበታል፤ ሰው ሊጎበኝ ሲመጣም ንጽሕናውን በኩራት ያሳያል። የሚያሳየው ግን ቀኑን ሙሉ የማይደርቅ ወለል ነው። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የዶሮ አንጀት በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ እንቁላሉ ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያውኑ አያሲዝም፤ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር አግኝቶ እስኪበስል አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ጎማው ያልጠረገው ኩስ በየማዕዘኑና በየስንጥቁ ተደብቆ ይህን ሁሉ ያገኛል። ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል፤ ባለቤቱም ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሮጦ አምፕሮልየም ይገዛል፤ በማግሥቱ በአንድ እጁ መድኃኒቱን፣ በሌላው ጎማውን ይዞ ይገኛል። መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል፤ ወለሉ ግን በሽታውን መልሶ ይሰጣቸዋል። በዚያ ላይ ለስላሳ ሲሚንቶ ያንሸራትታል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ኩሱን የሚመጥ ነገር ስለሌለም እግራቸው ይቆስላል።

ኮንክሪት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የጉዝጓዝ መደብ እንጂ የዶሮ መቆሚያ አይደለም። ላዩ በመጥረጊያ ሻከር ይበል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ መውጫው ይዘንብል፤ ለእንቁላል ጣዮችም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይነጠፍበት። የሚታጠበው ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ በአንዱ ዙርና በሌላው መካከል ብቻ ነው።

የጉዝጓዝ ምርጫም የራሱ ስህተት አለው። ከመላጊያ የሚወጣው የእንጨት ፍቅፋቂ ከሁሉ ይሻላል። እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ ግን አቧራው የመተንፈሻ አካል ይጎዳል፣ ጫጩትም መኖ መስሏት ትበላዋለች። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ከሚቆረጥበት የእንጨት ሥራ ቤት የመጣውን ሰጋቱራ፣ ሙጫ ስላለበት፣ በነፃም ቢሰጥዎት አይቀበሉ። የጤፍ ጭድ በቶሎ ይረገጣል፤ የስንዴ ገለባ ሳይቆራረጥ ከተነጠፈ እንደ ድብዳብ ይጋገራል፤ ሁለቱም በየጊዜው መገልበጥ ይፈልጋሉ። ፎገራ ያሉ አርቢዎች የሩዝ ገለባ፣ ጅማ ያሉት የቡና ገለባ በቅርብ ያገኛሉ፤ ደረቅ ይሁን እንጂ ይሠራል። ሻጋታ የሸተተ ነገር ከሆነ ግን ከየትም ይምጣ ወደ ቤቱ አይግባ፤ የሻጋታው ብናኝ የጫጩት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይገድላል።

ጉዝጓዙ ርሶ እንደሆነ ለማወቅ አንድ እፍኝ አንሥተው ይጭመቁት። ድብልብል ሆኖ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ጥቂት ተያይዞ እጅ ሲከፈት ከተበተነ ልክ ነው። እርጥቡን ዛቅ አድርገው ያውጡት፤ በላዩ አዲስ መጨመር መደበቅ ብቻ ነው። ሽታውንም ቆመው ሳይሆን ጎንበስ ብለው በዶሮዋ ቁመት ያሽቱት፤ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ የሚያሳርራት እዚያ ነው። መጠጫውን በጀርባዋ ቁመት መስቀል የጉዝጓዙን ዕድሜ ያረዝመዋል።

ጫጩት በጋዜጣ ወይም በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ አያሳድጉ፤ እግሯ ይንሸራተትና ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል።

የሽቦ ወይም የባሕር ዛፍ ርብራብ ወለል ኩሱን ወደ ታች ስለሚጥል በቆላ ይመቻል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ግን ከሥር የሚገባው የሌሊት ነፋስ ካልተከለለ ዶሮዋ መኖዋን እንቁላል ለመጣል ሳይሆን ለመሞቅ ትጨርሰዋለች። ሽቦው ቀጭን ከሆነም ከባድ ዶሮ መዳፏ ይቆስላል።

አዲስ ኮንክሪት ላዩ ስለነጣ ብቻ ደረቀ ብሎ ዶሮ ማስገባትም የተለመደ ነው። ማታ አንድ ሜትር ካሬ ያህል ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽጉት፤ ጠዋት ሲገልጡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ጉዝጓዝ ከመነጠፉ በፊት ወለሉ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል።