ለጀማሪ የኤሌክትሪክ ጊታር የትኛው ክር ይሻላል?

«ጋሼ፣ የትኛውን ክር ልግዛ?» ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ቤቴ ጊታር የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ጀማሪ ከሆናችሁ 9 ግዙ።

ፓኬቱ ላይ 9-42 ወይም 10-46 የሚል ታያላችሁ። የፊተኛው ቁጥር የቀጭኑ፣ የኋለኛው የወፍራሙ ክር ውፍረት ነው። 9 ማለት 0.23 ሚሊሜትር ገደማ፣ 10 ደግሞ 0.25 ነው። ዓይን አይለየውም፤ ጣት ግን ወዲያው ያውቀዋል። ክሩ በወፈረ ቁጥር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት የበለጠ መወጠር አለበት። የተወጠረ ክር ደግሞ ለመጫንም ለመግፋትም ይከብዳል።

ለእኛ ዜማ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ትዝታ ስትጫወቱ ድምፁን መትቶ ማለፍ አይበቃም፤ ክሩን ገፋ አድርጎ ማስለቀስ አለ። እስቲ ከቀጭኑ ቆጥራችሁ ሁለተኛውን ክር 8ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ካሉት የብረት ዘንጎች ስምንተኛው) ላይ በቀለበት ጣት ያዙት። ሌሎቹ ሁለት ጣቶች ከኋላ ያግዙ። 10ኛው ፍሬት የሚሰጠውን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ግፉት። በ9 ጥቂት ከተለማመዳችሁ ይደርሳል። በ11 የጀመረ ልጅ ግን መንገድ ላይ ይደክመዋል፣ ድምፁ ሳይሞላ ይለቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የጣቱ ሕመም አይደለም፤ እሱ ያልፋል። ጆሮው ያልሞላውን ቃና ትክክል ነው ብሎ ከለመደ ግን ማቃናቱ ፈተና ነው።

10 የምመክርበት ጊዜም አለ። ጊታራችሁን ከናት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት) ለኩት። እንደ ስትራቶካስተር 65 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ 9 ይበቃል። እንደ ሌስ ፖል 63 ገደማ ከሆነ ግን ያው ክር ላላ ስለሚል 10 ይስማማዋል። ክራር ሲመታ ኖሮ ጣቱ የጠነከረ ልጅም፣ ሪትም ጠንከር አድርጎ የሚመታም 10 ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ፓኬቱ «ኤሌክትሪክ» ማለቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ፒክአፕ፣ ማለትም ከክሩ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ፣ ማግኔት ነው። የናይለን ክር ጨርሶ አይሰማውም። የአኮስቲክ ነሐስ ክር ደግሞ ድምፁ ይደክምበታል፤ ሦስተኛው ክርም አብዛኛውን ጊዜ በላዩ ሽቦ የተጠመጠመበት ስለሆነ አልገፋ ይላል። ኒኬል የተቀባ ብረት የሚለውን ያዙ፣ ለሁሉም ይሆናል።

እዚህ ያጣችሁትን ከአዲስ አበባ በሰው ስታስመጡ የፓኬቱ ፎቶ አስቀድሞ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ኤርኒ ቦል የሚባለው ብራንድ ከሆነ የ9-42ቱ ፓኬት ሮዝ ነው። ሌላው ብራንድ፣ ዳዳሪዮ፣ ስድስቱን ክሮች በየብቻቸው አያሽግም፤ ጫፋቸው ላይ ባለችው ኳስ ቀለም ነው የሚለዩት። ብርማው ቀጭኑ ነው፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ወፍራሙ ደግሞ የነሐስ ቀለም አለው። ይህን ሳያዩ የሚያስሩ ልጆች ክር ያበላሻሉ፤ አንዴ የተጠመዘዘ ክር እንደ አዲስ አይሆንም።

ክረምት ላይ የጣና እርጥበት ክር ያዝጋል። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉት። አቅሙ ካላችሁ ሽፋን ያለው ክር አለ፤ ወደድ ይላል እንጂ ይቆያል።

ጊታራችሁ ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ተንሳፋፊ ብሪጅ ካለው ግን ነባሩን የክር ውፍረት አትቀይሩ። ብሪጁ የቆመው በክሩና በኋላ ባሉት ስፕሪንጎች ሚዛን ነው፤ ክሩ ሲቀየር እሱም ይዘማል፣ መልሶ ማስተካከሉ ለጀማሪ አይደለም።

ነጠላ የሚሸጥ ካገኛችሁ ቀጭኑን ክር ሁለት ጨምሩ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው።